አሥራ አንድ ጁምዓ በሀዳ ተራራ

ወልድያ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት አለች። ባለቤቷ ኡበይደላ ይባላል። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሸሚዛቸውን፣ የሚዳሩ ወጣቶች ሱፋቸውን ለእሱ ይሰጣሉ፤ ኮሌታ ሲተኩስ እጁ የተመሰገነ ነው። መብራት ሲጠፋ ከደጁ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ባጃጆቹን ሲያይ ይቆያል። ሙያውን የት እንደተማረ ሲጠይቁት «ጅዳ» ይላል። ከዚያ የሚቀጥል ነገር የለውም። ሰዉም ዝምተኛ ነው ብሎ ትቶታል።

ዝምተኛ ሆኖ ግን አልተወለደም። እንዲያውም ልጅ ሳለ የሚታወቀው በድምፁ ነበር።

ያደገው በሀብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ አጠገብ ባለች መንደር ነው። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተችበት ያሳደጉት አባቱ ናቸው። ታላቅ እህቱ ሁሪያ ግራና ወደምትባል ከተማ ተድራ ስትሄድ ቤቱ ለሁለቱ ወንዶች ብቻ ቀረ። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ዝንጀሮ ከገደሉ ይወርዳል፤ ኡበይደላም ማማ ላይ ወጥቶ ይውላል። አባቱ ያስተማሩት አጯጯህ ነበር። ከሆድ ይነሳል፣ ወደ ላይ ይሳባል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራፍ ጧ ብሎ ይሰበራል። የሌላ አገር ሰው ቢሰማው ጩኸት ብቻ ነው የሚመስለው። የሀብሩ ሰው ግን ማሽላ ጥበቃ ያልዋለው እንኳ ያውቀዋል።

በሃያ ሰባት ዓመቱ ጅዳ ገባ። አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ቀጥሮት፣ መኖሪያ ፈቃድ አውጥቶለት፣ ከእንፋሎት ብረት ፊት አቆመው። ዘጠኝ ዓመት እዚያው ቆመ። ነጭ ጀለቢያ ሲተኩስ ይውላል፤ ሲመሽ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደሚጋራት ክፍል ይገባል። አንዱ የጅማው ዛኪር ነው፣ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ሹፌር፣ ተጫዋች፣ ልቡ የማይችለው ነገር ከአፉ የሚያመልጠው። ሌላው የከሚሴው ጀብሪል ነው፣ መጋዘን ጠባቂ፣ አገር ቤት ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ጭምት ሰው። ኡበይደላ ሚስት አላገባም። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ለአባቱ ይደውላል። አባቱ ስለ ዝናብ ይነግሩታል፣ ስለ ላሚቱ ይነግሩታል፣ ከዚያ «በል ሂሳብህ እንዳይቆጥር» ብለው ቀድመው ይዘጉታል።

በ2013 ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወደ አገሩ አካባቢ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ። መጀመሪያ ወልድያ፣ ቀጥሎ መርሳ፣ ቀጥሎ ውርጌሳ። ኡበይደላ የአባቱን ቁጥር ይደውላል፤ አይጠራም። የሁሪያን ይደውላል፤ አይጠራም። ጎረቤት፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የእህል ነጋዴው፣ አብሮት የተማረ ፖሊስ፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን የአገር ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይደውላል። ሁሌም ያቺው የተቀዳች የሴት ድምፅ ናት የምትመልስለት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር አለፈ። አባቱ የደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒቱን በየወሩ ከወልድያ የምታመጣላቸው ሁሪያ ነበረች። አሁን ሁሪያ ራሷ የት እንዳለች አይታወቅም።

ሥራ ላይ እጁ ይሠራል፣ ልቡ የለም። አንድ ቀን የደንበኛ ጀለቢያ ላይ ብረቱን ረስቶ ደረቱን አቃጠለው። ጀብሪል በዚያ ሰሞን ለሚስቱ ሲደውል ከክፍሉ ይወጣ ጀመር። በፊት አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር የሚያወራው። አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁን አፍኖ፣ ልጆቹን በሹክሹክታ ያናግራል። ኡበይደላ እንዳይሰማ ብሎ ነው። ኡበይደላም ገብቶታል። የጓደኛው ደግነት ነው ይበልጥ አንጀቱን ይበላው የነበረው።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሐሙስ ማታ፣ ዛኪር የመኪና ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ገባ።

«ነገ ጣኢፍ እንሄዳለን» አለ። «ሰውዬው መኪናውን እስከ ቅዳሜ ማታ ፈቅዶልኛል። እዚያው እናድራለን። ብርድ ነው አሉ፤ ሹራብ ያዙ።»

«እናንተ ሂዱ» አለ ኡበይደላ። «እኔ ልቅር።»

«ልትቀርስ አትችልም። ላንተ ብለን እኮ ነው።»

ጀብሪል አንገቱን ደፍቶ «አትቅር፣ ወንድሜ» አለ። «እዚህ ግድግዳ ስታይ ከምትውል።»

በማግስቱ ጠዋት ተነሱ። መካን አልፈው፣ ጣኢፍ መግቢያ ላይ ወዳለው ወደ ሀዳ ተራራ የሚወጣውን ጥምዝምዝ መንገድ ሲይዙ ዛኪር የመኪናውን ማቀዝቀዣ ዘግቶ መስኮቱን ከፈተ። የገባው ነፋስ ቀዝቃዛና ቀላል ነበር። ኡበይደላ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ነፋስ ፊቱን ነክቶት አያውቅም። ወደ ታች ሲያይ ገደል ነው፤ ወደ ላይ ሲያይ ጥድና ድንጋይ ነው። ዛኪር ዞር ብሎ «አገርህን አይመስልም?» ሲለው «ይመስላል» አለ። ቢመስል ነው የከፋው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። አይጠራም።

ከላይ ሲደርሱ የመንገዱ ዳር በሰው ተሞልቷል። ቤተሰቡ ሁሉ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ምሳውን ዘርግቶ፣ ልጆቹን ለቆ ተቀምጧል። በለስ የሚሸጡ አሉ፤ ሙዝ የሚሸጡ አሉ። በአጥሩ ላይ ደግሞ ዝንጀሮዎች ተደርድረዋል። ቁጥር የላቸውም። ሰዉ ሙዝ እየላጠ ያጎርሳቸዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይስቃል። ኡበይደላ ቆሞ ቀረ። ማማ ላይ ያለፈ ልጅነቱን አሰበና ነገሩ ቅዠት መሰለው። አንዲት ዝንጀሮ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከአንድ ሽማግሌ እጅ በርጋታ ተቀብላ ትበላለች።

«ና አጉርስ!» አለው ዛኪር፣ ሙዝ ይዞ።

«አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኛል» አለ ኡበይደላ፤ ፈገግ አለና ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። ከእነሱ ራቅ ብሎ አጥሩ ጫፍ ላይ ቆመና እንደገና መደወል ጀመረ።

እንዲህ ቆሞ ሳለ ነው አንድ ግዙፍ ወንድ ዝንጀሮ ከአጥሩ ዘሎ የወረደው። ሦስት ዓመት የማይሞላት ሕፃን ብስኩት ይዛ ቆማለች። ዝንጀሮው ብስኩቱን ሊነጥቅ እጁን ሲሰድ ሕፃኗ ወደ ኋላ ወደቀች፤ ዝንጀሮው ጥርሱን አወጣ። ኡበይደላ አላሰበም። ድንጋይ አንስቶ ወረወረ፤ ከሆዱም ያ ጩኸት ወጣ። ተስቦ፣ ወጥቶ፣ ተሰበረ። አጥሩ ላይ የነበሩት ዝንጀሮዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ገደሉን ይዘው ጠፉ። ከምንጣፉ ሁሉ ሰው ቀና ብሎ አየው። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ ልጆቻችንን አስደነገጥክ ብሎ ተቆጣ። ኡበይደላ አፍሮ ድንጋዩን የወረወረ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሕፃኗን ልታነሳ የሮጠችው የቤተሰቡ ሠራተኛ ነበረች። ከራስ እስከ እግሯ በጥቁር ተሸፍናለች፤ የሚታዩት ዓይኖቿና እጆቿ ብቻ ናቸው። ሕፃኗን አቅፋ ቆመች፣ ጀርባዋን ለምንጣፎቹ ሰጠች፣ ፊቷን ወደ ሕፃኗ እንዳደረገች በአማርኛ ተናገረች።

«ወንድሜ፣ የሀብሩ ሰው ነህ?»

ኡበይደላ የሰማውን ማመን አቃተው። «በምን አወቅሽ?»

«እንዲህ የሚጮኸው የእኛ አገር ሰው ነው። የት ነህ?»

«ውርጌሳ። አንቺስ?»

«መርሳ። ናጅዋ እባላለሁ። ወደ እኔ አትይ፤ እመቤቴ ታየናለች። ስልክ አግኝተሃል? ከአገር?»

«አላገኘሁም። አንድ ወር አለፈኝ። አንቺስ?»

«እኔ ስልክም የለኝ። ወስደውብኛል። ጦርነት እንደገባ እንኳ የሰማሁት ከቴሌቪዥን ነው። እናቴ ብቻዋን ናት።» እጇ የሕፃኗን ጀርባ ቶሎ ቶሎ ይመታል። «አደራህን ቁጥር ያዝልኝ። በቃሌ ነው የማውቀው። የጎረቤታችን የየሺ ሱቅ ስልክ ነው። የተከፈተ ቀን ደውልና እማማ ዓቢዳ አሉ ወይ በልልኝ። ልጅሽ ደህና ናት በልልኝ።»

ቁጥሩን ነገረችው፤ እሱም እየተንቀጠቀጠ ያዘው።

«አንቺንስ የት ላግኝሽ?»

«አላውቅም። ጁምዓ ጁምዓ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያመጡናል።»

ከምንጣፉ ላይ ጥሪ መጣ። ናጅዋ ሄደች። ሁሉም ነገር ከጀመረ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ትንሽ ቆይቶ ቤተሰቡ ምንጣፉን አጣጥፎ በትልቅ ነጭ መኪና ሄደ። ከኋላ መስኮት በኩል ታይ እንደሆነ ኡበይደላ ተጠባበቀ፤ መስታወቱ ግን ጥቁር ነበር።

ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ዛኪር «ዓይኗ እንዴት ነው?» ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። ጀብሪል በዓይኑ ገሠጸው። ያን ሌሊት ጣኢፍ ውስጥ በተከራዩት ክፍል አደሩ። ቅዳሜን ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ዋሉ፤ የጽጌረዳ ውሃ አሸተቱ፣ ማር ቀመሱ፣ ዛኪር ለእናቱ ሻል ገዛ፣ ብዙ ፎቶ ተነሱ። በፎቶዎቹ ሁሉ ኡበይደላ መሐል ላይ አለ፤ ጓደኞቹ ከግራና ከቀኝ ትከሻውን ይዘውታል። ዛሬም ስልኩ ላይ አሉ። ፎቶውን የሚያይ ሰው በጓደኛ የታደለ ነው ይላል። እሱ ግን ያን ቀን ያስታውስ የነበረው የእጆቿን ነገር ነበር፤ በሳሙና ብዛት የተላጡ፣ ከዕድሜዋ ቀድመው ያረጁ እጆች። የእሱም እጆች እንዲያ ናቸው።

ስልኩ የተከፈተው በ2014 ጥር ነው። ሥራ ላይ ሳለ የሁሪያ ቁጥር ስልኩ ላይ መጣ። ብረቱን አቁሞ አነሳው። ሁሪያ ሰላምታውን አረዘመችው። እሷ ደህና፣ ልጆቿ ደህና፣ ባሏ ደህና፣ ከብቱ እንኳ ተርፏል። ኡበይደላ አንዱን ሳትጠቅስ እንደቀረች ገባው።

«አባባስ?»

ስለ ጎረቤቶቹ ጀመረች።

«ሁሪያ፣ አባባስ?»

«ኅዳር ላይ ነው» አለች። «መድኃኒት አልተገኘም። ሁለት ቀን ብቻ ነው የተኙት። ሰዉ ሁሉ ቀብሯቸዋል፣ ዱዓ አድርጎላቸዋል። ብዙ ሞክረን አንተን ማግኘት አልቻልንም።»

ኡበይደላ ቀኑን ጠየቃት። ነገረችው። ያን ቀን ምን ይሠራ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። አባቱ ከሞቱ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሲደውልላቸው ነበር የኖረው።

ዛኪርና ጀብሪል የአገር ሰው ጠርተው ቁርኣን አስነበቡለት፣ ሦስት ቀን አብረውት ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። ኡበይደላ ያን ቀን ብቻውን ሲሆን የሱቁን ቁጥር ደወለ። ጠራ።

«ማን ልበል?» አለች አንዲት ሴት።

«የሺ ነሽ? እማማ ዓቢዳ የሚባሉ ጎረቤት አሉሽ?»

«አሉ፤ ምነው?»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። የቤታቸው በር ተሰብሮ ነበር እንጂ እሳቸው ምንም አልሆኑ። አሁን ወፍጮ ቤት ወርደዋል። ማን ልበላቸው?»

«ልጃቸውን ጣኢፍ ላይ አግኝቻታለሁ። ናጅዋ ደህና ናት በያቸው።»

«ተመስገን፤ እነግራቸዋለሁ» አለችው የሺ።

ስልኩን ሲዘጋ ዕንባው መጣ። ለአባቱ ያልወጣለት ዕንባ ለማያውቃቸው ለእማማ ዓቢዳ መኖር ወጣለት። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣበት። የናጅዋ እናት በሕይወት አሉ፤ ናጅዋ ግን አታውቅም። ይህን የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሚነግርበት ቁጥር ደግሞ የለውም። የአባቱን ሞት ሁለት ወር ያልሰማ ሰው ነውና፣ የእናቷን ሕይወት ሳትሰማ የምታድር ሴት እንቅልፍ ነሳችው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ዛኪርን ለምኖ ሀዳ ሄዱ። አልነበረችም። በሁለተኛውም ዛኪር ወሰደው። በሦስተኛው ዛኪር ሥራ ነበረው። ከዚያ በኋላ ኡበይደላ ብቻውን፣ ከሰው ጋር በሚጋሩት ታክሲ ይሄድ ጀመር። አለቃው ጁምዓን ቢፈቅድለትም የዚያን ቀን ሥራ ቅዳሜ ደርቦ እንዲጨርስ ያስገድደዋል። ጠዋት ይወጣል፣ ቀትር ላይ ይደርሳል፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይቆማል። ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰዋል፤ ሁሉም ሕፃን ያዘሉ፣ ሁሉም ድስት የሚሸከሙ ናቸው። ሴት ዘንድ ቀርቦ ማን ነሽ ማለት እስር ቤት ያስገባዋል። ያለው ነገር ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ጫፍ ይቆምና በየሰዓቱ አንዴ፣ ማሽላ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ይጮኻል። ዝንጀሮዎቹ ይበተናሉ፤ ሰዉ ይስቃል ወይም ይሰድበዋል። ከጥቁር ልብሶቹ ውስጥ ዞር የምትል ሴት የለችም።

ዓሪፍ የሚባል የመናዊ ሙዝ ሻጭ ብቻ ነበር የተላመደው። መጀመሪያ ገበያዬን አባረርክ ብሎ ተቆጣው። በኋላ ላይ አንድ ሙዝ ሰጥቶት «ማን ጠፍቶብህ ነው?» አለው።

«የአገሬ ልጅ፣ አንዲት ሴት» አለ ኡበይደላ በተሰባበረ ዓረብኛው።

«ዘመድህ ናት?»

«አይደለችም።»

«እጮኛህ ናት?»

«አይደለችም።»

ዓሪፍ ትንሽ አሰበና «እንግዲያስ ምንህ ናት?» አለ።

ዛኪር አንድ ቀን ፊት ለፊት ነገረው። «ወንድሜ፣ ይህ ነገር መልካም አይደለም። አንተ የምትፈልገው እሷን አይደለም። አባትህን ነው።» ጀብሪል ዝም በል አለው። ኡበይደላ ግን አልተቀየመም። እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበበት። ሆኖም ጁምዓ ሲደርስ ጫማውን አሰረ።

ለየሺ ሱቅ ዳግመኛ ቶሎ አልደወለም። ልጅቱን ሳላገኝ ምን ብዬ እደውላለሁ እያለ አዘገየው። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሲደውል ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አልነበረም። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ጁምዓ ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው ረመዳን ገባ፤ ቤተሰቦቹም ወደ ተራራው መውጣት አቆሙ። ኡበይደላም ቀረ። ከዚያ በኋላ ጣኢፍን አላየም። ጓደኞቹ ወደ ሌላ ከተማ ለሽርሽር ሲጠሩት ሥራ አለብኝ ይላል፤ ቀስ በቀስ መጥራቱንም ተዉት። የተጣላ ሰው አልነበረም፤ ዝም ብለው ተራራቁ።

በ2015 መኖሪያ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረና ወደ አገሩ ተመለሰ። ሁሪያ ወስዳ የአባቱን መቃብር አሳየችው። ቤቱ ተቆልፏል፤ ጣሪያው ወደ ውስጥ ሰምጧል። መንደር ውስጥ ሆኖ የሚያውቀው ሥራ አይገኝምና ወልድያ ወጥቶ ያቺን የመተኮሻ ሱቅ ተከራየ። ወደ ውርጌሳ በሄደ ቁጥር ሚኒባሱ መርሳ ላይ ይቆማል። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ ማንጎና ፓፓያ በመስኮት ይቀርባል። ኡበይደላ ከመቀመጫው አይነሳም። እማማ ዓቢዳ ልጄ የት አለች ቢሉኝ ምን እላለሁ፣ አሥር ደቂቃ አይቼ ጠፋችብኝ ልበል እያለ ይፈራል። እንዲህ እያለ ሰባት ወር አለፈ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ቅዳሜ ግን ራሱን ሳያማክር መርሳ ላይ ወረደ። የየሺን ሱቅ ሲጠይቅ የሺ ሱቋን ለሌላ ሰው ለቃ ኮምቦልቻ ወንድሟ ዘንድ ከሄደች ቆይታለች አሉት። የእማማ ዓቢዳን ቤት ግን ሁሉም ያውቀዋል። ጠቆሙት።

እማማ ዓቢዳ ደጃፋቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሽምብራ ይለቅማሉ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ጆሯቸው ቀልጣፋ ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ በርጩማ ሰጡት።

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቱን ስም ነገራቸው። ቀጥሎ የመጣበትን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ። ዝንጀሮውን፣ ሕፃኗን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የሺን። ጁምዓዎቹን ዘለላቸው። እማማ ዓቢዳ ሽምብራውን ትተው ሰሙት።

«አንተ ነህ እንዴ!» አሉ። «የሺ ነግራኝ ነበር። አንድ ሰው ደውሎ ልጅሽ ደህና ናት አለ ብላ እየሮጠች መጣች። አላህ ከእሳት ይጠብቅህ ብዬ ሰግጄልሃለሁ። ስምህን ሳናውቅ።»

«ናጅዋስ?» አለ ኡበይደላ። «ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የሰሙት ነገር አለ?»

«ምን ማለትህ ነው? ትደውላለች እንጂ። ስልኩ በተከፈተ በሰባተኛው ቀን እኮ ነው የደወለችው። አብራት የምትሠራ የሰው አገር ልጅ ስልኳን ሰጥታት። ያን ጊዜ የሺ ገና አልሄደችም ነበር። አሁን ሪያድ ሌላ ቤት ናት፤ ደህና ሰዎች ናቸው፣ በየሳምንቱ ታናግረኛለች።»

ኡበይደላ መሬት መሬቱን አየ። በሰባተኛው ቀን። እሱ የመጀመሪያውን ጁምዓ ሀዳ ላይ ሲቆም ናጅዋ የእናቷን ድምፅ ሰምታ አድራ ነበር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አሥራ አንደኛውም በከንቱ ነበር። ማንም አልበደለውም። ለማን ይነገር፣ ማንስ ያውቀው ነበር። መናደድ ቢሞክር የሚናደድበት ሰው አጣ። ደስ ሊለው ይገባል ብሎ አሰበ፤ ደስታውም መጣ፤ ግን ዘግይቶ እንደደረሰ እንግዳ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም።

«ቆይ፣ ልደውልላት» አሉ እማማ ዓቢዳ። ስልኩን ዓይናቸው ዘንድ አስጠግተው ነኩት። ናጅዋ አነሳች። እናትየው ሳቅና ወሬ ቀላቅለው ነገሯትና ስልኩን ሰጡት።

«ያ የዝንጀሮው ሰውዬ?» አለች ናጅዋ። ድምፅዋ ከሚያስታውሰው የቀለለ ነበር። «ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ያኔ ሳላመሰግንህ ነው የሄድኩት። በሳምንቱ ቤት ቀየሩኝ፤ ወደዚያ ተራራ አልተመለስኩም።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ? አንተም ያኔ ስልክ አላገኘህም ነበር። ቤተሰብህ ተገኙ?»

ይህን የሚጠይቀው ሰው ይኖራል ብሎ አልጠበቀም። «እህቴ ደህና ናት» አለ። «አባቴ አርፈዋል። ስልኩ ሳይከፈት።»

 ናጅዋ አላህ ይማራቸው አላለችም፣ አብሽርም አላለችም። ከዚያ «ቁጥሩን ስትይዝልኝ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «ያን ቀን ማታ ለሁለታችንም ዱዓ አድርጌ ነበር።»

እሱም ሊነግራት ፈለገ። አሥራ አንዱን ጁምዓ፣ ዓሪፍን፣ አጥሩን። አፉ ድረስ መጣ። ግን ምን ይጠቅማታል? ሸክም ይሆንባታል እንጂ። «እናትሽ ደህና ናቸው፤ አትስጊ» ብሎ ስልኩን መለሰ። ከዚያ እናትና ልጅ የራሳቸውን ወሬ ቀጠሉ፤ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ኡበይደላ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየ። ወሬው ረጅም ነበር፤ እሱ ግን አልነበረበትም።

ሲነሳ እማማ ዓቢዳ መንገድ ድረስ ሊሸኙት አብረውት ወጡ። እንዳይደክሙ ቢለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። እየሄዱ «ወልድያ ማን አለህ?» አሉት።

«ማንም» አለ።

አላዘኑለትም፤ ምክርም አልጨመሩ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ለወልድያ የሚጫን ሚኒባስ ቆሟል። እማማ ዓቢዳ ወደ ሹፌሩ መስኮት ቀርበው በደካማ ዓይናቸው ፊቱን ፈለጉና «አደራህን ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። «ልጄ ነው።»

ሹፌሩ «እሺ እማማ» አለ። ለማንም እንደሚለው ነው ያለው። ኡበይደላ ኋላ መቀመጫ ላይ ገብቶ በመስኮት እጁን አወዛወዘላቸው፤ አላዩትም፣ መኪናው ያለበትን አቅጣጫ ብቻ እያዩ ቆመው ቀሩ። ሲሪንቃን እስኪያልፉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ስለ ማዳበሪያ ያወራለት ነበር፤ እሱም «አዎን፣ አዎን» ይለው ነበር።

ወልድያ ሲደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ሱቁን ከፈተ። መብራት ነበረ። እሁድ ጠዋት የሚወሰዱ ሁለት ሸሚዞች ተንጠልጥለዋል፤ ብረቱን ሰካና እስኪሞቅ ጠበቀ።